ከደመናው ጀርባ፦ የሱፐርኖቫ ቅሪቶችና ሞለኪውላዊ ደመናዎች ሲጋጠሙ

ክረምቱ አልፎ የመስቀል ሰሞን ሲደርስ የደቡብ ጎንደር ደጋ ሰማይ ይጠራል። ለወራት ጉና ተራራ ላይ ሰፍሮ የከረመው ጉም ይነሣል፤ በአየር ላይ የነበረው ብናኝ በዝናብ ታጥቦ ወርዷል፤ የበጋው ትቢያና ጭስም ገና አልተነሣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ሰሞን፣ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በገሳይ ከተማ ዳር፣ ከጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ቆመን ሰማይ እንመለከት ነበር። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መብራት ጠፍቷል። ሌላ ጊዜ የምናማርርበት ጨለማ ያን ምሽት በረከት ሆኖልን፣ ፍኖተ ሐሊብ ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥቶ በአናታችን ላይ እያለፈ እስከ ደቡብ ምዕራብ እንደ ነጭ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል።

ከተማሪዎቹ የአንዱን ዓይን የሳበው ግን ነጩ መቀነት ሳይሆን በመካከሉ የሚያልፈው ጥቁር ስንጥቅ ነበር። “መምህር፣ ያ ሰማዩ የተቀደደበት ቦታ ነው?” ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ዕውቁ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዊልያም ኸርሼል በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንዲህ ያሉ ጥቁር ቦታዎችን በቴሌስኮፑ ሲያይ፣ ከዋክብት የሌሉባቸው ክፍት ቦታዎች አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ባርናርድ ጥቁሮቹን ቦታዎች በፎቶግራፍ እያነሣ ሲመዘግብ፣ ቀዳዳ ሳይሆኑ ከኋላቸው ያለውን የከዋክብት ብርሃን የሚጋርዱ ነገሮች መሆናቸው እየተገለጠ መጣ። እኛም ለተማሪው ይህንኑ ነገርነው፦ ቀዳዳ አይደለም፤ ደመና ነው። እርሱም “እኛ ደግሞ ደመናው ከክረምቱ ጋር ሄደ ብለን ነበር” ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው።

መልሳችን ትክክል ቢሆንም ሙሉ አልነበረም። ተማሪው ጣቱን በቀሰረበት አቅጣጫ፣ ከዚያ ጥቁር ደመና እጅግ ርቆ በስተጀርባ፣ 10 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ላይ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት አለ። ስሙ ደብልዩ 44 ይባላል። ዕድሜው ወደ 20 ሺህ ዓመት የሚገመት ሲሆን፣ እየሰፋ ሲሄድ ከሌላ ግዙፍ ደመና ጋር ተጋጥሟል። በመስቀል ሰሞን ምሽት ይህ ቅሪት ለገሳይ ሰው ከአናቱ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። ዓይን ሊያየው ባይችልም፣ በዚያ ስፍራ የሚካሄደው ግጭት የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎችን ለአሠርት ዓመታት ያከራከረ ጥያቄ አስነሥቷል። ኮከብ ሲሞት የሚለቀው ጉልበት በዙሪያው ያለውን ደመና በትኖ አዳዲስ ከዋክብት እንዳይወለዱ ያደርጋልን? ወይስ ደመናውን ጨምቆ ልደታቸውን ያፋጥናል? በዚህ ጽሑፍ ያን ምሽት ያላሟላነውን መልስ ለማሟላት እንሞክራለን።

ቀዝቃዛው ወገን

በከዋክብት መካከል ያለው ስፍራ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ጋዝና ብናኝ አለበት። ይህ ጋዝ በአንዳንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲከማች አተሞቹ እየተጣመሩ ሞለኪውል ይሆናሉ፤ ስለዚህም ክምችቱ “ሞለኪውላዊ ደመና” ይባላል። አብዛኛው ክፍሉ ሃይድሮጂን ነው። ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በምናውቀው መለኪያ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆኑ ነው።

ደመና ስንል ግን አንባቢ የሐምሌን ደመና እንዳያስብ እናሳስባለን። በገሳይ ከምንተነፍሰው አየር በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጡ ሞለኪውሎች ይገኛሉ። በሞለኪውላዊ ደመና ውስጥ በዚያው መጠን የሚገኙት ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ናቸው፤ እጅግ በታመቁት እምብርቶቹ ውስጥ እንኳ ከሚሊዮን እምብዛም አያልፉም። ደመናው የኋላውን ብርሃን የሚጋርደው ስለታመቀ ሳይሆን በብዙ የብርሃን ዓመታት የሚለካ ውፍረት ስላለው ነው። ከግዙፎቹ ደመናዎች የአንዱ መጠነ ቁስ ከፀሐይ መጠነ ቁስ በመቶ ሺዎች እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ከዋክብት የሚወለዱት በእነዚህ ደመናዎች ውስጥ ነው። የደመናው አንዱ ክፍል በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ኮከብ ይሆናል። ቅዝቃዜው ለዚህ አስፈላጊ ነው፤ ጋዙ ቢሞቅ ግፊቱ ስበቱን ይቋቋማልና።

ትኩሱ ወገን

ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዚያ በላይ መጠነ ቁስ ያላቸው ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር ነው። ፀሐያችን 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል የምትኖር ስትሆን፣ እነዚህ ግን ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን ወይም በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይጨርሳሉ። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ እትብታቸው ከተቀበረበት ቀዬ ሳይርቁ ይሞታሉ። የሱፐርኖቫ ቅሪትና ሞለኪውላዊ ደመና ተጎራብተው የሚገኙት በአጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የኮከቡ እምብርት ነዳጁን ጨርሶ ሲደረመስ የውጭው ክፍል በሰከንድ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወረወራል። በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ ያለው ጉልበት 1 ቁጥርን 44 ዜሮዎች የሚከተሉት ጁል ያህል ነው። ፀሐይ ይህን ያህል ጉልበት በብርሃን መልክ ለማውጣት 8 ቢሊዮን ዓመት ያስፈልጋታል።

የተወረወረው ቁስ በፊቱ ያለውን ጋዝ እየገፋ ሲሄድ ከድምፅ ፍጥነት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ከፊት ያለው ጋዝ ሳይዘጋጅ ድንገት ይመታል፤ ይታመቃል፤ ይግላል። ይህ ድንገተኛ የግፊት ግንብ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ሾክ ዌቭ ይባላል፤ እኛ የምት ሞገድ እንለዋለን። በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የምት ሞገድ ያገኘውን ጋዝ ወደ 14 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ያግለዋል። እንዲህ የጋለ ጋዝ የሚያበራው በኤክስ ጨረር ነው። ከፍንዳታው በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየሰፋ የሚሄደው ይህ የጋለ አረፋ የሱፐርኖቫ ቅሪት ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ

ጉናን የሚያውቅ ርብንና ጉማራን ያውቃል። ሁለቱም ከዚያ ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት ድንገት የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ልል አፈሩን እየጠረገ ይሄድና ከጥቁር ድንጋይ ቋጥኝ ጋር ሲገናኝ ፍጥነቱ ይሰበራል፤ በግራና በቀኙ ግን ቋጥኙን ከቦ፣ ዳር ዳሩን እየላጠ ያልፋል። የምት ሞገድም ሞለኪውላዊ ደመና ሲያጋጥመው የሚያደርገው ይህን የመሰለ ነው። ልዩነቱ ቋጥኙ የማይታመቅ ሲሆን ደመናው ግን የሚታመቅ መሆኑ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ቀላል ሕግ ይበቃናል። የሞገዱ ግፊት በእፍግታና በፍጥነት ስኩዌር ብዜት ይወሰናል። ሞገዱ ከልል ጋዝ ወደ ጥቅጥቅ ደመና ሲገባ ይህ ግፊት በግምት እኩል ሆኖ መቀጠል ስላለበት፣ እፍግታው ሲጨምር ፍጥነቱ መቀነስ ግድ ይሆንበታል፤ የሚቀንሰውም በእፍግታዎቹ ንጽጽር ስኩዌር ሩት መጠን ነው። በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር 1 አተም ባለበት ጋዝ ውስጥ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረ ሞገድ፣ እፍግታው 100 እጥፍ በሆነ ደመና ውስጥ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እፍግታው 10 ሺህ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ይህ ልዩነት የደመናውን ዕጣ ይወስናል። ሞገዱ በሰከንድ 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲመታው ሞለኪውሎቹ ይፈራርሳሉ። ከዚያ ባነሰ ፍጥነት፣ በተለይም መግነጢሳዊ መስክ ምቱን እንደ ትራስ ሲያለዝበው፣ ሞለኪውሎቹ ሳይፈርሱ ወደ ጥቂት መቶና ጥቂት ሺህ ዲግሪ ይሞቃሉ። ከዚያም ሙቀቱን በብርሃን መልክ አውጥተው ይበርዳሉ፤ ሲበርዱም ጋዙ ይበልጥ ይታመቃል። እንግዲህ በአንዱ ደመና ውስጥ ልሉ ክፍል ሲበተን ጥቅጥቁ ክፍል ሊጨመቅ ይችላል።

ይህን በጉልህ የሚያሳይ ቅሪት አይሲ 443 ነው። የሚገኘው የአገራችን የሐሳበ ከዋክብት ሊቃውንት ገውዝ በሚሉት የከዋክብት ምድብ ውስጥ፣ ከ5 እስከ 6 ሺህ የብርሃን ዓመት በሚገመት ርቀት ላይ ነው። በሰማይ ላይ ያለው ስፋት ከሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ ተኩል ያህል ነው። በሰሜን ምሥራቁ በኩል ሞገዱ ያጋጠመው በአተም መልክ ያለ ልል ጋዝ ነው፤ በዚያ ወገን በቴሌስኮፕ ደማቅ ክሮች ይታያሉ። በደቡቡ በኩል ግን የሞለኪውላዊ ደመና ቀለበት ተጋርጦበት በሰከንድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ በዚያም የሚታየው የሞቀ ሞለኪውላዊ ሃይድሮጂን የሚያወጣው የታሕተ ቀይ ብርሃን ነው። የአንድ ፍንዳታ ሁለት ወገን በጎረቤቱ ምክንያት ይህን ያህል ተለያየ።

ግጭት መኖሩ በምን ይታወቃል?

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሁለት ነገሮች በሰማይ ላይ ተደራርበው ስለታዩ ይነካካሉ ማለት አይደለም። ከገሳይ ሆነን ያየነው ጥቁር ደመና ከደብልዩ 44 እጅግ የሚቀርበን ሆኖ ሳለ በዚያው አቅጣጫ አልነበረምን? ቅሪቱና ደመናው በእርግጥ መጋጨታቸውን ለማወቅ ከመደራረብ የበለጠ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀዝቃዛ ሃይድሮጂን ራሱን አይገልጥም፤ አብሮት ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን 2.6 ሚሊ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ራዲዮ ያስተጋባል። ደመናው ረግቶ ከተቀመጠ ይህ መስመር ቀጭን ሆኖ ይታያል። በምት ሞገድ ከተናወጠ ግን የጋዙ ፍጥነት ስለሚለያይ፣ በዶፕለር ክስተት ምክንያት መስመሩ ይሰፋል።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሚለር ጎስና ብራያን ሮቢንሰን በደብልዩ 44 እና በደብልዩ 28 አቅጣጫ ሃይድሮክሲል የተባለው ሞለኪውል በ1,720 ሜጋኸርዝ ከተለመደው ውጭ የደመቀ ምልክት እንደሚያወጣ ተመለከቱ። ነገሩ ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዴል ፍሬይል፣ ጎስና ስሊሽ እንደገና አንሥተው ትርጉሙን አብራሩት። ምልክቱ ሜዘር ነው፤ ሜዘር የሌዘር የራዲዮ ወንድም ማለት ነው። ይህ ሜዘር የሚፈጠረው ጋዙ በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር 100 ሺህ ገደማ ሞለኪውሎች ኖረውት፣ ሙቀቱም ከፍጹም ዜሮ በላይ ከ50 እስከ 125 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ብቻ ነው። በዚያ ስፍራ ይህን ሁኔታ የሚፈጥረው በደመና ውስጥ ያለፈ የምት ሞገድ ነው። ስለዚህ በሱፐርኖቫ ቅሪት ዳር የ1,720 ሜጋኸርዝ ሜዘር ከተገኘ ግጭት መኖሩ አያጠራጥርም። በተቃራኒው ሜዘር አለመገኘቱ ግጭት የለም አያሰኝም፤ ሁኔታው በጥቂቱ እንኳ ቢዛነፍ ሜዘሩ ይጠፋልና።

በጉና ጫፍ ላይ የሚዘንበው

የግጭቱ ሦስተኛ ማስረጃ ሌላ የቆየ እንቆቅልሽ ፈትቷል። እ.ኤ.አ. በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ከፍታ ሲጨምር አየሩን ወደ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለውጠው ጨረር እንደሚበረታ አረጋገጠ። ኮስሚክ ጨረር የተባለው ይህ ነው። አብዛኛው እጅግ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጓዝ ፕሮቶን ሲሆን፣ ከባቢ አየራችንን ሲመታ ሙዎን የተባሉ ቅንጣቶችን ያወርድብናል። አሁን ይህን በሚያነብ ሰው መዳፍ ላይ በየሰከንዱ ቢያንስ አንድ ሙዎን ያህል ያልፋል።

ለደገኛ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ፣ ከኮስሚክ ጨረር የሚገኘው የጨረር መጠን ከባሕር ወለሉ ወደ አራት እጥፍ እንደሚደርስ ይገመታል። ደብረ ታቦርና አካባቢዋ ለኪቶ የቀረበ ከፍታ አላቸው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። መጠኑ የሚያስፈራ አይደለም፤ የደጋ ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖሮበታል።

ይህ ጨረር ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1934 ቫልተር ባደና ፍሪትዝ ዝቪኪ ምንጩ ሱፐርኖቫ ሊሆን እንደሚችል አሳብ አቀረቡ። ማረጋገጡ ግን ከባድ ነበር። ፕሮቶን የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በመንገዱ ሁሉ የሚያገኘው መግነጢሳዊ መስክ ያጣምመዋል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ የመጣበት አቅጣጫ ጠፍቷል። እንግዲህ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ መልእክተኛ ያስፈልጋል።

መልእክተኛውን የሚልከው ሞለኪውላዊ ደመናው ነው። በቅሪቱ የምት ሞገድ የተፋጠነ ፕሮቶን በደመናው ውስጥ ካለ ሌላ ፕሮቶን ጋር ሲጋጭ ገለልተኛ ፓዮን የተባለ ቅንጣት ሊፈጠር ይችላል፤ ፓዮኑም ወዲያው ወደ ሁለት የጋማ ጨረር ፎቶኖች ይለወጣል። እንዲህ የተፈጠረ ጋማ ጨረር ከ200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በታች በድንገት እየሳሳ መሄዱ መለያው ነው። በኤሌክትሮኖች የሚፈጠር ጋማ ጨረር ይህ መለያ የለውም። አጂሌ የተባለችው የጣሊያን ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2011 በደብልዩ 44 ላይ ፍንጩን አሳየች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በፌርሚ የኅዋ ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ተመራማሪዎች መለያውን በአይሲ 443 እና በደብልዩ 44 ላይ በግልጽ ማግኘታቸውን አስታወቁ። በአፍሪካ ምድርም ቢሆን፣ በናሚቢያ ደጋ ላይ የተተከሉት የሄስ ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2008 በደብልዩ 28 አካባቢ ከሚገኙ ሞለኪውላዊ ደመናዎች የሚመጣ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ጋማ ጨረር ማየታቸውን ዘግበው ነበር።

ደመናው ባይኖር ኖሮ ፕሮቶኖቹ የሚጋጩበት በቂ ዒላማ ስለማያገኙ ቅሪቱ ሥራውን በዚህ መልክ አይገልጥልንም ነበር። ሁሉም ነገር ተፈቷል ማለት ግን አይደለም። እንደ ደብልዩ 44 ያሉ ያረጁ ቅሪቶች እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ያላቸውን ኮስሚክ ጨረሮች የማፍራት አቅማቸው ደክሟል፤ የእነዚያ ምንጭ እስከ ዛሬ በምርምር ላይ ነው።

ሞት ልደትን ያመጣልን?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለን፣ በአይሲ 443 ቅርፊት ዙሪያ ወጣት ከዋክብት የሚመስሉ ነጥቦች ተሰልፈው የሚያሳይ ካርታ አየን። ልባችን ፈጥኖ ፈረደ፦ ሞገዱ ደመናውን ጨመቀው፣ ከዋክብቱም ተወለዱ። ደስ ብሎን ለአማካሪያችን ስንነግራቸው የመለሱልን በአንድ ጥያቄ ነበር፦ “ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? አባትየውስ?”

እስኪ አብረን እናስላ። በልል ጋዝ ውስጥ በሰከንድ 600 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞገድ እፍግታው 400 እጥፍ ወደሆነ ደመና ገባ እንበል። የ400 ስኩዌር ሩት 20 ስለሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ከብርሃን ፍጥነት አንድ አሥር ሺህኛ ነው። ስለዚህ የ10 ብርሃን ዓመት ውፍረት ያለውን ደመና አቋርጦ ለመውጣት 100 ሺህ ዓመት ይፈጅበታል። የአይሲ 443 ዕድሜ ግን በተመራማሪዎች ዘንድ ከ3 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመት ተብሎ የሚገመት ነው። የታመቀ ጋዝ ወደ ወጣት ኮከብነት ለመድረስ ደግሞ መቶ ሺዎች፣ አልፎም ሚሊዮን ዓመታት ያስፈልጉታል። ልጆቹ ከአባትየው ይበልጣሉ ማለት ነው። በካርታው ላይ ያየናቸውን ነጥቦች ቅሪቱ ሊወልዳቸው አይችልም። ምናልባት ኮከቡ ከመፈንዳቱ በፊት በሕይወት ሳለ ያወጣው የነበረው ብርቱ ነፋስ ደመናውን ጨምቆት ሊሆን ይችላል፤ በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚህ ያዘነብላሉ። ያ ጥያቄ የብዙ ወራት የተሳሳተ ድካም አስቀርቶልናል።

እንግዲህ ጥያቄው መልስ የለውምን? አለው፤ ነገር ግን በአንድ ቅሪት ላይ ሳይሆን በብዙ ቅሪቶች ድምር፣ በሺህ ሳይሆን በሚሊዮን ዓመታት ልኬት ነው። አስደናቂው ነገር ማስረጃው የተገኘው ሩቅ አገር ሳይሆን እኛው በምንኖርበት ሰፈር መሆኑ ነው። ፀሐያችን የምትገኘው 1,000 የብርሃን ዓመት ያህል ስፋት ባለውና “ሎካል በብል” በሚባል ልል ጋዝ የሞላበት አረፋ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ካትሪን ዙከርና ባልደረቦቿ ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ከ14 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ተራ በተራ የፈነዱ 15 ያህል ሱፐርኖቫዎች ጋዙን እየገፉ ይህን አረፋ እንደሠሩት፣ በአቅራቢያችን የሚገኙት ከዋክብት የሚወለዱባቸው ደመናዎችም ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በአረፋው ገጽ ላይ እንደሚገኙ አሳዩ። የተገፋው ጋዝ ተከማችቶ ደመና፣ ደመናውም የከዋክብት ማሕፀን ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የፍንዳታ ዘመን የተረፈ ትቢያ ምድራችን ላይም ወርዷል። ብረት 60 የተባለው ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ግማሽ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ብቻ በመሆኑ፣ ምድር ስትፈጠር የነበረ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አይቆይም ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በውቅያኖስ ወለል ንጣፎች ውስጥ እየተገኘ መጥቷል፤ ዋናው ክምችት የወረደውም ከ3 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በአፋር ጎና ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንጋይ ፈልጠው መሣሪያ የሠሩ ጥንታውያን ይህ ትቢያ ሲወርድ በሕይወት ነበሩ።

ጎርፉን እንደገና እናስታውስ። በክረምት ማሳ የሚያጥለቀልቀው የርብና የጉማራ ውኃ፣ ከደጋው አፈር ተሸክሞ የፎገራን ሜዳ የሚያለማውም እርሱ ነው። ጎርፉ በሚወርድበት ዕለት ማሳው ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ጥፋቱን ብቻ ነው፤ ልማቱን ለማየት ብዙ ክረምት መጠበቅ አለበት። አይሲ 443ና ደብልዩ 44 የዕለቱ ጎርፍ ናቸው፤ ሎካል በብል ደግሞ ከብዙ ክረምት በኋላ የታየው ሜዳ ነው።

ከዚህ ወዴት?

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ በሌሎች አገሮች ታላላቅ መሣሪያዎች የተሠራ ነውና የእኛ ድርሻ ማንበብ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በእንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት አላቸው። በምት ሞገድ የተመታ ጋዝ ከሃይድሮጂን ቀይ ብርሃኑ ጋር ሲነጻጸር የሰልፈር ብርሃኑ ይጠነክራል፤ ንጽጽሩ ከ0.4 በላይ ሲሆን ጋዙ በወጣት ከዋክብት ብርሃን ሳይሆን በምት ሞገድ የጋለ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ይህን መለካት ተገቢ ማጣሪያ ለተገጠመለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የፌርሚ ቴሌስኮፕ መረጃም ለማንም በነፃ የተከፈተ ነው፤ ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመር ያገኘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የደብልዩ 44ን ጋማ ጨረር ራሱ ሊቆጥር ይችላል። ሙዎን የሚቆጥር አነስተኛ መሣሪያ ሠርቶ በፎገራ ሜዳ፣ በደብረ ታቦርና በጉና ጫፍ ላይ እያስቀመጡ ውጤቱን ማነጻጸርም ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስ ነው። እንዲህ ያለ የከፍታ ልዩነት በአጭር ርቀት የሚገኝበት አገር ብዙ አይደለም።

ከመሣሪያ በፊት ግን ዓይን አለ። በገና ሰሞን ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ከቤት ወጥታችሁ ወደ አናታችሁ ብትመለከቱ፣ የገውዝ ከዋክብት ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ሰሜን ብለው ታገኟቸዋላችሁ። አይሲ 443 ከምድቡ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ፕሮፐስ ከተባለው ኮከብ አጠገብ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም። በዚያ ቦታ ግን የምት ሞገዱ ዛሬም ደመናውን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር እየገፋ ነው። የገሳዩ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ለጥያቄው ያን ምሽት የሰጠነው መልስ አጭር እንደነበር ይረዳልናል፤ ቀጣዩን ጥያቄ ደግሞ ከእርሱ እንጠብቃለን።